ኤድዋርድ ሩፔልና የስሜን ተራሮች ብርቅዬ አራዊት

ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲቃረብ፣ የእኅቴ ልጅ በትምህርት ቤቱ ለሚዘጋጀው የሳይንስ ትርኢት የሚያቀርበውን ሥራ እንድመለከትለት ጠየቀኝ። የሥራው ርእስ የአገራችን ብርቅዬና ዘራቸው ለመጥፋት የተቃረበ አራዊት፣ እንዲሁም የሚኖሩበት ሥነ ምሕዳር የሚል ነበር። ልጁ በአንድ ሰፊ ካርቶን ላይ የዋልያን፣ የቀይ ቀበሮንና የጭላዳን ሥዕል ለየብቻ በቀለም መሥመር ከከበበ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ግርጌ መጀመሪያ የአማርኛውን፣ ቀጥሎም የላቲኑን ስም ጽፏል። ከላቲኑ ስም በስተቀኝ ግን በሦስቱም ሥዕሎች ሥር አንድ የሰው ስም ከነዘመኑ ሰፍሮ አየሁ። ስሙም ሩፔል የሚል ነበር። ልጁ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ቢጠይቀኝ የምሰጠው መልስ አጣሁ።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ ዓመት እትም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ያ ያልመለስሁት ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስለሆነም የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ ወሰንሁ። ሩፔል የእንስሳት ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን ከፍታና ርቀት የሚለካ፣ የቦታዎችን አቀማመጥ ከከዋክብት የሚያሰላ፣ በዘመኑ አነጋገር ቀያሽም ነበር። ስለዚህ የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለመሐንዲሶች ባዕድ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ሠርቶ ያለፈው ሥራና ሳይሠራው የቀረው ሥራ ሁለቱም ዛሬ በእጃችን ያለውን ሥራ የሚመለከቱ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ኤድዋርድ ሩፔል በኅዳር ወር 1794 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ነበሩ። ፍራንክፈርት በዚያን ጊዜ ራሷን በራሷ የምታስተዳድር የነጋዴዎች ከተማ ስለነበረች፣ ሩፔልም እንደ አባቱ በንግድና በገንዘብ ሥራ እንዲሰማራ ታስቦ ነበር። ሆኖም በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና ምድረ በዳ ያደረገው ጉዞ የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። በበረሃው ያየው ድንጋይ፣ ተክልና እንስሳ የሒሳብ መዝገቡን አስረሳው። ንግዱን ትቶ የተፈጥሮን ታሪክ ለመመርመር ቆረጠ።

ይህ ውሳኔ ግን የስሜት ብቻ አልነበረም። ሩፔል ሳይዘጋጅ መንገድ የሚጀምር ሰው አልነበረምና ወደ ኢጣልያ ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተከታተለ። በጄኖቫ ይኖር ከነበረው ከታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከፎን ዛክም በፀሐይና በከዋክብት አማካይነት የአንድን ቦታ ኬንትሮስና ኬክሮስ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ተማረ። በዚያው ዘመን በትውልድ ከተማው የዜንክንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበር በ1817 ተቋቁሞ ስለነበር፣ ሩፔልም አባል ሆነ። ማኅበሩ ገና የተወለደ፣ ቤተ መዘክሩም ባዶ መደርደሪያ የበዛበት ነበር። ያን መደርደሪያ ከአፍሪካ በሚመጣ ስብስብ መሙላት የሩፔል ዓላማ ሆነ።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞ የተጀመረው በ1822 ነው። ሩፔል ሚካኤል ሃይ ከተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ሆኖ ሲናን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ከዚያም የአባይን ወንዝ ተከትሎ ኑብያንና ኮርዶፋንን አጠና። የግብጹ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ሱዳንን የያዘው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ስለነበር፣ መንገዱ ለመንገደኛ የተከፈተ ቢሆንም አገሩ ገና አልረጋም ነበር። ሩፔል ከዚያ አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለመውጣት ፈልጎ ምጽዋ ድረስ ቢደርስም፣ ከዚያ በላይ ሳይዘልቅ በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ከዚህ ጉዞ ያመጣቸው የአእዋፍ፣ የአጥቢ እንስሳትና የቀይ ባሕር ዓሦች ስብስብ ብዙ ስለነበር፣ ማኅበሩ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ጀምሮ የሥዕል መጽሐፍ ማሳተም ጀመረ። የበረሃው ትንሽ ቀበሮ በ1825 በሩፔል ስም የተሰየመው ከዚህ ስብስብ የተነሣ ነው።

ነገር ግን ሩፔል ያልደረሰበት ደጋ ከልቡ አልወጣም። በ1830 ቴዎዶር ኤርክል የተባለ ረዳት አስከትሎ እንደገና ተነሣ። ግብጽን፣ ሲናንና ጅዳን አልፎ በ1831 ምጽዋ ደረሰ። በባሕሩ ዳርቻና በዳህላክ ደሴቶች ዓሦችንና አእዋፍን ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ፣ በ1832 ከቆላው ወደ ትግራይ ደጋ ወጣ። ከትግራይም የተከዜን ሸለቆ ተሻግሮ ስሜን ገባ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት በ1831 በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት ራስ ማርዬ ወድቀው፣ የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ተገድለዋል። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛታቸውን ወደ ትግራይ ለማስፋፋት በሚታገሉበት ወራት፣ በየኬላው ቀረጥ የሚጠይቅ፣ በየመንገዱም የሚዘርፍ የታጠቀ ሰው አይጠፋም ነበር። በጎንደር ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት የሚባል ቢኖርም ሥልጣኑ ከግቢው አጥር አያልፍም ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የብርጭቆ ዕቃ፣ የዓሣ ጠርሙስና የደረቀ ቆዳ በበቅሎ ጭኖ ከገዥ ወደ ገዥ ማለፍ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

የሩፔል ጓዝ አንዱ ክፍል የመለኪያ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ከፍታን በእጅ በሚያዝ መሣሪያ በቅጽበት የምናውቅ ሰዎች የዚያን ዘመን ሥራ ልናስታውስ ይገባናል። የሜርኩሪ ባሮሜትር ረጅም የመስተዋት ቱቦ ነው። በባሕር ጠረፍ የሜርኩሪው ዓምድ 760 ሚሊሜትር ያህል ሲቆም፣ ከፍታው 4,000 ሜትር በሆነ ቦታ ግን ወደ 460 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል። የአየሩን ሙቀት አብሮ በመመዝገብ ከሁለቱ ልዩነት የቦታው ከፍታ ይሰላል። ቱቦው አንድ ጊዜ ከተሰበረ ግን በስሜን ገደል አፋፍ ላይ ሌላ የሚገዛበት ሱቅ አልነበረም። ሩፔል በዚህ አኳኋን በየሰፈረበት ቦታ እየለካ፣ ከከዋክብትም አቀማመጥ እያሰላ ለሰሜን ኢትዮጵያ ካርታ የሚሆን ቁጥር ሰበሰበ። እንስሳቱንም በአጋጣሚ እንደተገኙ ዕቃዎች አልቆጠራቸውም። ከየት ቦታ እንደተገኙ እየለየ መዘገባቸው።

ስሜን ለሩፔል አዲስ ዓለም ነበር። ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ቧሂትና ከ4,500 ሜትር በላይ የሚሆነው ራስ ደጀን የሚገኙበት ይህ አገር፣ ከሥሩ በጥልቅ ገደል የተቆረጠ፣ ከላዩ ደግሞ ጓሳና ጅብራ የሚበቅልበት ውርጫማ ሜዳ ነው። እንደ ደሴት በቆላ ባሕር የተከበበ በመሆኑ በሌላ ስፍራ የማይገኙ እንስሳት መኖሪያ ሆኗል። የአካባቢው ገበሬና አዳኝ እነዚህን እንስሳት ከጥንት ጀምሮ በስምና በጠባይ ለይቶ ያውቃቸዋል። በሳይንሱ መዝገብ ውስጥ ግን ከሩፔል በፊት አልገቡም ነበር።

በገደሉ አፋፍ የሚዘለው፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመው የዱር ፍየል በ1835 በሩፔል መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። የላቲኑም ስም ዋልያ ከሚለው ካገሬው ቃል ተወሰደ። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው፣ ወንዱም እንደ አንበሳ ጎፈር የደረበው፣ ሣር የሚግጠው ዝንጀሮ በዚያው ዓመት ሲሰየም፣ ጭላዳ የሚለው ስም በአውሮፓውያን አንደበት ጌላዳ ሆኖ ገባ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በ1840 በስሜን ስም ተጠራ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ የስሜን አዳኞችና መሪዎች ድምፅ ተቀርጾ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ሩፔል ዋልያን ዋልያ ብሎ የጠራው፣ አንድ የአገሩ ሰው ወደ ገደሉ ጠቁሞ ስሙን ስለነገረው መሆኑ አያጠራጥርም።

ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ሩፔል ይህን እንስሳ የመደበው ከቀበሮዎች ጋር ሳይሆን ተኩላና ውሻ በሚገኙበት ወገን ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሐሳቡን ለውጠው እንስሳውን ብቻውን በተለየ ወገን አስቀመጡት። ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ በዘር ውርስ ላይ የተደረገው ምርመራ እንስሳው የተኩላ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አረጋገጠ። የራስ ቅሉንና ጥርሱን ብቻ በዓይኑ መርምሮ የፈረደው ሩፔል ልክ ሆኖ ተገኘ። እኛ በአማርኛ እስከ ዛሬ ቀበሮ እያልን መጥራታችን የልማድ ነገር ነው።

በጥቅምት ወር 1832 ሩፔል ጎንደር ገባና እስከሚቀጥለው ዓመት ተቀመጠ። ከጣና ሐይቅ የሚወጡ ዓሦችን እየመረመረ በ1835 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ በርካታ አዳዲስ ዓይነቶችን ገለጸ። ከእነዚህም አንዱ ትንሽ ዓሣ በደምቢያ አገር ስም ተጠርቷል። በጎንደር ሳለ ሊቅ አጥቁ ከተባሉት የሕግና የታሪክ አዋቂ ጋር ወዳጅነት አደረገ። በእርሳቸውና በሌሎች ሊቃውንት እርዳታ የነገሥታት ዜና መዋዕልንና መጽሐፈ ሄኖክን የመሳሰሉ የብራና መጻሕፍት አገኘ። እነዚህ መጻሕፍት በኋላ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተው ዛሬም በስሙ ተመዝግበው ይገኛሉ። የእኛን ታሪክ ለማጥናት ወደ ፍራንክፈርት መጻፍ ግድ መሆኑ ቅር ቢያሰኝም፣ መጻሕፍቱ ከዚያ በኋላ ጎንደር ከደረሰባት ቃጠሎና ዘረፋ መትረፋቸውን መዘንጋት አይገባም።

ሩፔል በ1833 አክሱምንና ዐድዋን አልፎ ወደ ምጽዋ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የጽሕፈት ዓመታት ናቸው። ስለ አዲሶቹ የኢትዮጵያ አከርካሪ እንስሳት የጻፈው ሥዕላዊ መጽሐፍ ከ1835 እስከ 1840፣ የጉዞውም ታሪክ በሁለት ክፍል ከ1838 እስከ 1840 ታተመ። በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። ይህን ሽልማት ከውጭ አገር ሰዎች መካከል የመጀመሪያ ሆኖ የተቀበለው እርሱ ነው።

ከዚህ ዝና በኋላ የመጣው ዕድሜ ግን እንደተጠበቀው አልነበረም። ሩፔል ጠንካራና በቀላሉ የማይታረቅ ጠባይ ነበረው። ብዙ ከለገሰለት ማኅበር ጋር ውሎ አድሮ አለመግባባት ተፈጠረ። የእንስሳቱንም ጥናት ቀስ በቀስ ትቶ ፊቱን ወደ ጥንታዊ ገንዘቦችና ሜዳዮች ስብስብ መለሰ። በወጣትነቱ ያገለገላት ነጻ ከተማ በ1866 በፕሩስያ መንግሥት ሥር ስትወድቅም በሕይወት ነበረ። በታኅሣሥ ወር 1884 በዘጠና ዓመቱ በዚያው በፍራንክፈርት አረፈ። በስሜን ገደል ላይ ከቆመበት ቀን አንሥቶ ሲቈጠር ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

የሕይወቱ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስለ አንድ ትጉ ተጓዥ የሚነገር ዝክር ብቻ በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ የሥራውን ዋጋ በትክክል ለመመዘን ሁለት ነገሮችን ማንሳት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፣ ሩፔል የሰየማቸውን እንስሳት ያወቃቸው በሞታቸው መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ልማድ አንድ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ የሚገባው ተገድሎ፣ ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ጸድቶ፣ በሳጥን ተጭኖ ቤተ መዘክር ሲደርስ ነበር። ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ስማቸው የጸናባቸው ናሙናዎች ዛሬም በፍራንክፈርት ይገኛሉ። በእርግጥ ሩፔል የወሰዳቸው ጥቂት እንስሳት ዘሩን አልጎዱም። ጉዳቱ የመጣው ከእርሱ በኋላ ጠመንጃ በየቤቱ ሲገባ፣ በተለይም ከኢጣልያ ወረራ ወዲህ፣ እንዲሁም ገበሬው መሬት አጥቶ የገብስ ማሳውን ወደ ገደሉ አፋፍ ሲገፋ ነው። በ1960ዎቹ ውስጥ በስሜን የቀረው ዋልያ ከ150 ብዙ እንደማይበልጥ ይገመት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይከብዳል። የሩፔልን የስያሜ ዝርዝር በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ቀይ ቀበሮን ብቻ ሳይሆን ቀይ ቀበሮ የሚበላቸውን ጭምር የሰየመው እርሱ ነው። በደጋው ሣር ውስጥ የሚሮጠውን የኢትዮጵያ የሣር አይጥና በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ የሆነውን ትልቁን ፍልፈል ሁለቱንም በ1842 ለዓለም ያስተዋወቀው ሩፔል ነበር። ነገር ግን ቀበሮው በአንድ ገጽ፣ አይጡና ፍልፈሉ በሌላ ገጽ፣ ጭላዳውም በሌላ ገጽ ላይ ናቸው። ገጾቹን የሚያያይዝ ክር የለም። የክሩ ስም ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። ሥነ ምሕዳር የሚለውን ሐሳብ የሚገልጸውን ቃል ጀርመናዊው ሄከል የፈጠረው በ1866 ነው። ሕያዋንና መኖሪያቸው በአንድነት የሚሠሩ ሥርዓት መሆናቸውን የሚገልጸውን ቃል ደግሞ እንግሊዛዊው ታንስሊ ያወጣው በ1935፣ ዋልያ ከተሰየመ ልክ መቶ ዓመት በኋላ ነበር።

ክሩ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ግሩም አድርጎ አሳይቷል። በ2015 በታተመው በዚህ ጥናት መሠረት፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንድ ጊዜ ያህል ነው። በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስቱ ሙከራ ሁለቱ ይሳካሉ። ቀበሮው ይህን ጥቅም እንዳያጣ የጭላዳ ግልገሎችን አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እንግዲህ ጭላዳውን ከደጋው ብናስወግድ ቀበሮው ይራባል፤ ሣሩን ብናርስ አይጡም ጭላዳውም ይጠፋሉ። ሩፔል ለየብቻ የሣላቸው እንስሳት በሜዳው ላይ አንድ ማኅበር ሆነው ተገኙ።

ይህ ጓሳ እስከ ዛሬ የቆየውም በአጋጣሚ አይደለም። የመንዝ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ በሥርዓት እያጨደ ጠብቆታል። በ1975 የመሬት ይዞታ ሲለወጥ ሥርዓቱ ቢናወጥም፣ ማኅበረሰቡ በሌላ ስም መልሶ አቋቁሞታል። የመንዝ ገበሬ ሥነ ምሕዳር የሚለውን ቃል ሳይሰማ ሥነ ምሕዳርን ጠብቋል ማለት ነው።

ዛሬ ሁኔታው በምን ላይ ይገኛል? በዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 አይበልጥም፤ ሁሉም የሚኖሩት በአገራችን ነው። አብዛኞቹ በባሌ ሲሆኑ፣ የቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ፣ በወሎና በስሜን ተበታትነው ይገኛሉ። ከቤት ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የባሌዎቹን በብዛት ፈጅቷል። ስሜን በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ፣ በ1978 ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣውም በ2017 ነው። የዋልያ ቁጥር በዚህ መካከል ከ800 በላይ ደርሶ ተስፋ ከሰጠ በኋላ፣ በአካባቢው በደረሰው ጦርነትና አለመረጋጋት ሳቢያ በ2024 ወደ 300 ገደማ መውረዱ ተዘግቧል።

እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ይመጣል። ከደባርቅ ተነሥቶ በቧሂት ጫንቃ ወደ ጃናሞራ የሚያልፈው መንገድ በፓርኩ መካከል ይሄዳል። ስሜንን ከአደጋው መዝገብ ለማውጣት ከቀረቡት የመፍትሔ ሐሳቦች አንዱም የተሽከርካሪውን እንቅስቃሴ ከፓርኩ ውጭ ወደሚያልፍ አማራጭ መንገድ ማዞር ነበር። የመንገዱ አስፈላጊነት አያከራክርም፤ የጃናሞራ ሕዝብ ሐኪም ቤትና ገበያ ያስፈልገዋል። የሚያከራክረው የመንገዱ አቅጣጫ በወረቀት ላይ ሲሠመር ዋልያ የተቈጠረው በየትኛው ዓምድ ውስጥ ነው የሚለው ነው። በጣናም እንዲሁ ነው። ሩፔል ከለያቸው ትላልቅ ዓሦች ወገን ዛሬ 15 ያህል ዓይነቶች በሐይቁ እንደሚኖሩ በ1990ዎቹ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መሐንዲሱ በእንደዚህ ያለ ወንዝ ላይ ግድብ ወይም ጠለፋ ሲሠራ የሚያሰላው የጎርፉን መጠን፣ የደለሉን ክምችትና የመስኖውን ስፋት ነው። ዓሣው መንገድ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ በብዙ ሰነድ ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ገጾች አያልፍም።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለሁም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በደጋ አገር ለታሰበ አንድ መንገድ የቅየሳ ቡድን አባል ሆኜ ስሠራ፣ ስለ አካባቢው እንስሳት የሚሞላ ቅጽ ተሰጥቶኝ ነበር። ከአንድ መጽሐፍ ላይ የእንስሳቱን ስም ቀድቼ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ቅጹን አስረከብሁ። ስሞቹ ትክክል ነበሩ። የትኛው እንስሳ ከየትኛው ሜዳ ወደየትኛው ውሃ እንደሚሻገር፣ መንገዱም ይህን መሻገሪያ የት ላይ እንደሚቆርጠው ግን አልጠየቅሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ሩፔል ዝርዝር ብቻ ቢተውልን አይፈረድበትም፤ የዘመኑ ዕውቀት እስከዚያው ነበርና። በእኛ ዘመን ግን ዝርዝር ብቻ ማቅረብ ሥራን በከፊል ሠርቶ ሙሉ ደመወዝ እንደ መቀበል ነው።

በመጨረሻም ለመሐንዲስ የሚስማማ አንድ ነገር ልጨምር። በ1852 ሌላ ጀርመናዊ ሊቅ አንድን ትልቅ ጥንብ አንሳ አሞራ ለሩፔል ክብር በስሙ ሰየመው። በኅዳር ወር 1973 በአይቮሪኮስት ሰማይ፣ በአቢጃን ከተማ አጠገብ፣ በ37,000 ጫማ ከፍታ ይበር የነበረ አውሮፕላን ከአንድ ወፍ ጋር ተጋጭቶ አንዱ ሞተሩ ተጎዳ። አውሮፕላኑ በደኅና ቢያርፍም ከሞተሩ የተለቀመው ላባ ሲመረመር የሩፔል አሞራ ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ በላይ ከፍ ብሎ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። ሩፔል በባሮሜትሩ ከለካቸው ተራሮች ሁሉ በላይ፣ ከእጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ስሙን የተሸከመው ይህ አሞራ፣ በመርዝና በምግብ እጦት እየተመናመነ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን ተመዝግቧል። በዚያ ከፍታ የሚያየውና የሚያገኘው ሁሉ ምድር ላይ እኛ በምንሠራው የሚወሰን ነው።

ለእኅቴ ልጅ የሩፔልን ታሪክ ከነገርሁት በኋላ ካርቶኑን እንደገና ሠራው። ሦስቱን ሥዕሎች ከከበቡት መሥመሮች አውጥቶ በአንድ ሜዳ ላይ አዋላቸው፤ ከሥራቸው ሣሩን፣ አይጡንና ፍልፈሉን ጨመረ፤ ከማን ወደ ማን ምግብ እንደሚሄድም በቀስት አመለከተ። በካርቶኑ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ መንገድ ሥሎ፣ መንገዱን በየት በኩል ባሳልፈው ይሻላል ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለትምህርት ቤት ትርኢት የቀረበ ቢሆንም የማኅበራችን አባላት በየቢሮአችን በየቀኑ የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ለልጁ ወዲያው አልመለስሁለትም፤ በመጀመሪያ ሜዳውን ሄደን እንየው አልሁት።